ለምትከርመው ቮልስ

ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ቤት መጥተሽ «አጎቴ፣ ክረምቱን የአባዬን መኪና ምን ላድርጋት?» ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ ቡና እየተፈላ ሰውም እየገባና እየወጣ ስለነበር በቅጡ አልመለስኩልሽም። «ባትሪዋን ንቀዪላት» ብዬ አለፍኩት። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን ከነከነኝ። ያቺ ቮልስ የወንድሜ ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1970 ሞዴል፣ ባለ 1300። አባትሽ 40 ዓመት ያህል ነድቷታል፤ ሞተሯን ሦስት ጊዜ አውርጄ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። አንቺ የምታወጫት እሑድ እሑድ ነው፤ ሰኔ ሲያልቅ ደግሞ የሰፈርሽ መንገድ ጭቃ ስለሚሆን ጭራሽ ታቆሚያታለሽ። ማቆምሽን አልቃወምም። አቋቋሙን ግን ልንገርሽ።

ጋራዥ ውስጥ በሠራሁባቸው 30 ዓመታት፣ መስከረም በጠባ ቁጥር እየተገፉና እየተጎተቱ የሚመጡ መኪኖች ነበሩ። ባለቤቶቻቸው የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ኧረ ምንም አልነካናትም፤ ክረምቱን ቆማ ነው የከረመችው።» የጎዳትም እሱ ነበር። የቆመ መኪና አያርፍም። ባትሪው ይደክማል፣ ጎማው በአንድ ጎኑ ይጫናል፣ ቤንዚኑ ያረጃል፣ ብረቱም ሌት ሌት ውሃ ይጠጣል። አባትሽ ይህን ያውቅ ስለነበር ነው መኪናይቱ ለአንቺ የደረሰችው።

1. ጠላትሽን ለይተሽ እወቂ።

ስለዚህ ጉዳይ የተጻፉ የፈረንጅ ምክሮችን ብታነቢ ብዙው ስለ ውርጭ ነው፦ የራዲያተር ውሃ እንዳይረጋ፣ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረት እንዳይበላ። በአገራቸው ልክ ነው። ቮልስ ግን ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በንፋስና በዘይት ነው። የአዲስ አበባ የክረምት ሌሊትም ቢበርድ ውሃ እስኪያረጋ አይደርስም። የኛ ክረምት ክፋቱ እርጥበቱ ነው።

እርጥበት ስልሽ የሚዘንበውን ብቻ እንዳይመስልሽ። ዝናቡማ ይታያል፣ ቆርቆሮ ይመልሰዋል። ድስት ጥደሽ ክዳኑን ስታነሺ ከሥሩ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ አስቢ። ማታ ብረት ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ አየር ሲነካው ውሃ ሆኖ ይለጠፍበታል። ይህ በበሩ ሆድ ውስጥ፣ በነዳጅ ታንኩ ውስጥ፣ በማርሚታው ውስጥ፣ በፍሬኑ ታምቡር ውስጥ በየሌሊቱ ይሆናል። በሊቃውንቱ ቀመር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ብትቆጥሪው ከ90 ሌሊት ይበልጣል። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ውሃው እንዳይገባ፣ የገባውም መውጫ እንዳያጣ ነው።

2. ቦታዋን ምረጪ።

ሣር ላይ አታቁሚያት። ሣር ከሥሩ እርጥበት አይለየውም፤ ቀን ፀሐይ ሲመታው የሚተነፍሰው እንፋሎት ሁሉ ወደ ወለሏ ነው የሚወጣው። ሲሚንቶ ከሌለሽ ጠጠር አስደፊና ከአራቱም ጎማ ሥር ጣውላ አድርጊ። ከባሕር ዛፍም ሥር አታቁሚያት፤ የሐምሌ ንፋስ ቅርንጫፉን ሲሰብር አይጠይቅም። የቤቱ ጣሪያ ውሃ የሚወርድበትን መስመርም ራቂ።

በርና መስኮቱ ተዘግቶ ግድግዳው ወዝ ወዝ ከሚል መጋዘን፣ አራት እንጨት ተክለሽ ቆርቆሮ ያለበስሽው ጎኑ ክፍት ጥላ ይሻላል። ንፋስ ይገባዋል። ቆርቆሮው ከመኪናዋ ጣሪያ ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ይበል፤ አንዳንዴ የሚጥለውን በረዶም ይችልልሻል።

3. ላስቲክ አታልብሺያት።

ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ድሮ እኔም ቮልስ ነበረኝ። አንድ ዓመት አንዲት ጠብታ እንዳትነካት ብዬ ሰማያዊ ላስቲክ ገዛሁ፤ ከላይ እስከ ታች ጠቅልዬ በገመድ ጠፍሬ አስሬ ተውኳት። ለመስቀል ላወጣት ላስቲኩን ስገልጥ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታዋ ነው፤ ውሃ የገባው ጆንያ የሚሸተው ዓይነት። መስታወቷ ከውስጥ በኩል አልቦታል። መሪዋ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ፣ የወንበሯ ስፌት ላይ ነጭ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ተዘርግቷል። ላስቲኩ የተለጠፈበት የጣሪያ ቀለም ችፍ ችፍ ብሎ አብጧል፤ በጥፍሬ ስነካው ተቀርፎ ከሥሩ ቀይ ዝገት ታየኝ። ንፋሱ ደግሞ ላስቲኩን ሌት ተቀን ሲያርገበግበው፣ ጠርዙ የቀኝ ፓራፋንጎዋን ፈትጎ ፈትጎ ቀለሙን እስከ ብረቱ አውልቆታል። ዝናቡ አልነካትም። ከመሬት የወጣው እንፋሎት ግን መውጫ አጥቶ ሦስት ወር አብሯት ታሰረ።

ጥላ ካለሽ የአቡጀዲ ልብስ አሰፊላት። አቡጀዲ አቧራና የወፍ ኩስ ይከላከላል፣ ይተነፍሳልም። ላስቲክ የግድ ከሆነብሽ ከቆርቆሮው በላይ ይሁን እንጂ መኪናዋን አይንካ።

ውስጧን ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ምንጣፉንና ከሥሩ ያለውን ንጣፍ ሁሉ አውጥተሽ ቤት አስገቢው፤ ውሃ የሚይዘው እሱ ነው። መስታወቶቹን የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ክፈቻቸው። ብራ በሆነ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ሁለቱንም በሮች፣ የፊትና የኋላ ኮፈኑንም ከፍተሽ ተያት። ወለሉ ላይ በሰፋ ሳህን ከሰል ብታስቀምጪ ሽታውን ይቀንሳል። ጨው ግን አታስቀምጪ። ጨው ውሃ ይስባል ብለው የሚመክሩሽ አሉ፤ እውነት ነው ይስባል፤ ስቦ ስቦ ከሳህኑ ሲፈስ ግን ወለሉን እሱ ራሱ ይበላዋል።

4. ሳታጥቢያት አታቁሚያት።

ጭቃ የያዘ መኪና ማቆም እርጥብ ልብስ ለብሶ እንደ መተኛት ነው። ሰው የሚያጥበው የሚታየውን ነው፤ አንቺ ግን በክሪክ አንስተሽ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አውልቂና ከፓራፋንጎው ሥር እጅሽን ሰድጂ። ከላይኛው ጠርዝ ጋር በተገናኘበት ጥግ ላይ የዓመት ጭቃ ተጋግሮ ታገኚዋለሽ። ውሃ እያፈሰስሽ በእንጨት ፈልፍዪው።

ከዚያ በሮቿን እዪ። ከእያንዳንዱ በር በታችኛው ጠርዝ ላይ ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። በቀጭን ሽቦ ጠርጊያቸውና አንድ ሲኒ ውሃ በመስታወቱ ጠርዝ በኩል ወደ በሩ ውስጥ ቀስ ብለሽ አንቆርቁሪ። ውሃው ወዲያው ከታች ጠብ ጠብ ካለ በሩ ጤነኛ ነው። ካልወጣ ቀዳዳው ተደፍኗል ማለት ነው፤ ክረምቱን ሙሉ የሚገባው ዝናብም እንደዚያው እዚያ ይቀራል። አባትሽ ይቺን የሲኒ ነገር ዘንግቶ አያውቅም፤ ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ባለችው የመጀመሪያ ቅዳሜ ሲኒውን ይዞ በመኪናዋ ዙሪያ ሲዞር አሁንም ይታየኛል።

ከበሮቹ ሥር ደግሞ በሁለቱም ጎን፣ የሞተሩን ሙቀት ከኋላ ወደ ፊት የሚያመጣ ውስጡ ክፍት የሆነ ቦይ አለ። ቮልስ የምትሞተው እዚያ ጋ ነው። በጠመንጃ መፍቻ እጀታ ከታች ኳ ኳ አድርጊው፤ ድምፁ የጠራ ከሆነ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ካለው፣ ወይም ቅርፊት ከረገፈ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ጥሪኝ። ይሄን ያጠበቅሁት ወድጄ አይደለም። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ስለተሠራ የሞተር ዕቃው አሁንም አይጠፋም። የመጨረሻዋ ግን ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. ወጥታ ምርቱ አብቅቷል። እኛም አገር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ሞተር ቢበላሽብሽ እሠራልሻለሁ፣ ወይም የሚሠራልሽ አገናኝሻለሁ። የበሰበሰ ወለል ግን ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ እንደገና ተስተካክሎ እንደነበረ አይሆንም።

ካጠብሻት በኋላ ወዲያው አታቁሚያት። ግማሽ ሰዓት ንጂያት፤ ፍሬኑን እየያዝሽ እየለቀቅሽ። ታምቡሩ ውስጥ የገባው ውሃ የሚደርቀው እንዲያ ነው።

5. ባትሪዋን ቤት አስገቢ።

የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። አንድ ቀን ከደብረ ዘይት ስንመለስ ከኋላ ሦስት ሰው ጭነን ነበር፤ በቀኝ የተቀመጠው ገዘፍ ያለ ሰው ነው። ቃሊቲን እንዳለፍን የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ መጣ። አባትሽ መኪናዋን ከመንገድ አውጥቶ «ውረዱ!» አለና ወንበሩን ነቅሎ ወደ ሣሩ ወረወረው። የወንበሩ ሽቦ በሰውየው ክብደት ወርዶ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ነክቷል፤ ሽቦው ግሎ የወንበሩ ሙሌት መጨስ ጀምሯል። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ መኪናም አይተርፍ፣ እኛም እንጃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባትሪው ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ መሸፈኛ አለ። ወንበሩን ስታነሺ መሸፈኛው በቦታው መሆኑን እዪ። ከሌለ ሳታስቀይሪ ከኋላ ሰው እንዳታስቀምጪ፤ አደራ።

ስትፈቺ መጀመሪያ የኔጌቲቩን ጫፍ ፍቺ፤ ፖዘቲቩን ቀጥለሽ። ስትመልሺ ተገላቢጦሹን። ባትሪውን ቤት ውስጥ ጣውላ ላይ አስቀምጪ። የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12.4 ከወረደ ቻርጅ ይፈልጋል። ባዶውን የሰነበተ ባትሪ ውስጡ ድንጋይ ይሆንበትና ከዚያ ወዲያ ቻርጅ አይቀበልም። ስለዚህ ሐምሌ ላይ አንዴ፣ ነሐሴ ላይ አንዴ ቻርጅ አድርጊው። ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳልና መኝታ ቤት አይሁን፣ ከሻማና ከከሰል ይራቅ። ውሃው ካነሰ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሪበት፤ የቧንቧ አይሆንም።

ባትሪው የተነሣበትን ወለል ደግሞ በደንብ እዪው። አሲድ የነጠበበት ብረት ከሁሉ ቀድሞ ይበሰብሳል። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠሽ አፍሺበት፤ አሲድ ካለ አረፋ ያወጣል። አረፋው እስኪያቆም እጠቢ፣ አድርቂ፣ ዝገት መከላከያ ቀለም ቀቢው።

6. ታንኳን ሙዪላት፣ ቱቦዎቿን በጣትሽ እጠፊ።

ጎዶሎ ታንክ እርጥብ አየር የሚያድርበት ቤት ነው። የታንኳ ልክ 40 ሊትር ገደማ ነው፤ ከማቆምሽ በፊት በመጨረሻው ጉዞሽ አፉ ድረስ አስሞዪ። ለሦስት ወር የቆመ ቤንዚን ትንሽ ቢደክምም ያስነሣል። ከዚያ በላይ የምታቆሚያት ከሆነ ግን ካርቡራተሩን ማድረቅ አለብሽ፤ ሙጫ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ይደፍናልና። እሱን ስትፈልጊ እኔ መጥቼ አሳይሻለሁ፤ ብቻሽን በቤንዚን አትጫወቺ።

የኋላ ኮፈኗን ክፈቺና ቤንዚን የሚያመላልሱትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ በጣትሽ እጠፊያቸው። ያላረጀ ጎማ ታጥፎ ይመለሳል። ያረጀው ሲታጠፍ እንደ ደረቀ ጭቃ ስንጥቅ ስንጥቅ ያሳያል። አንድ ስንጥቅ ካየሽ ሁሉንም አስቀይሪ፣ ማሠሪያ ቀለበቶቹንም ጭምር። ዋጋው ትንሽ ነው። ቱቦው ያለው ከትኩስ ሞተር በላይ፣ ብልጭታ ከሚያከፋፍለው ዕቃ አጠገብ ነው። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ቮልሶችን በዓይኔ አይቻለሁ። የሞተሯ ገላ ማግኒዚየም ያለበት ብረት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የእሳት ማጥፊያ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ይኑርሽ።

7. ዘይቱን ቀይሪ፤ ስትመለሺ ሳይሆን ከማቆምሽ በፊት።

የተሠራበት ዘይት አሲድና ውሃ ይዟል፤ ሦስት ወር ሙሉ ብረቱ ላይ ተኝቶ አይክረም። የሚፈጀው ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ቮልስ የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ያላት ወንፊት ነው፤ ወንፊቱን አስወጥተሽ በቤንዚን አሳጥቢው። የፍሬን ዘይትም ከአየር ውሃ ይጠጣል፤ ሁለት ዓመት ካለፈው አስቀይሪው።

8. ጎማና የእጅ ፍሬን።

ጎማዎቹን ከወትሮው ጨመር አድርገሽ ንፊያቸው፤ በቆሙበት ወገን ጠፍጣፋ እንዳይሆኑ። በየሁለት ሳምንቱ መኪናዋን አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ወይም ወደኋላ ግፊያት። ተጠባባቂውንም ጎማ አትርሺ፤ የቮልስ የመስታወት ውሃ የሚረጨው በዚያ ጎማ ንፋስ ነው፣ እሱ ከተነፈሰ መስታወትሽ አይታጠብም።

የእጅ ፍሬኑን ስበሽ አትተዪ። በእርጥበት ሸራው ታምቡሩ ላይ ይጣበቅና መስከረም ላይ ጎማው አልዞርም ይልሻል። ማርሽ አንድ ላይ አስገብተሽ፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፊ።

9. አይጥ።

ክረምት ጉድጓዱ ውሃ ሲሞላበት አይጥ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ይወጣል፤ ከመኪና ሆድ የተሻለ ቦታ አያገኝም። በሌላ መኪና ሽቦ ይበላል፤ በቮልስ ግን የባሰ አለ። አንድ ደንበኛ በመስከረም መጨረሻ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሞተሩ ተንቀጠቀጠበትና ተጎትቶ መጣ። ንፋስ የሚያከፋፍለውን የሞተሩን ቆርቆሮ ሽፋን ስናነሳ ውስጡ ሙሉ የአይጥ ጎጆ ነው፦ የወንበር ሙሌት፣ የተቦጫጨቀ ፌስታል፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከነግልገሎቹ አጥንት። ሦስተኛው ሲሊንደር ንፋስ አጥቶ ነድዷል። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ሦስተኛው ድሮም ከሌሎቹ ይግላል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ንፋሱን ስለሚሻማው። ሰውየው መኪናውን ከማስነሣቱ በፊት አንድ ጊዜ ባትሪ መብራት አብርቶ ቢያይ ኖሮ ያ ሁሉ ወጪ አይመጣበትም ነበር።

ስለዚህ ሁለቱን የማርሚታ ጫፎች በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ወትፊያቸው። ንፋስ የሚገባበትን የማራገቢያውን ክብ አፍ በሽቦ ወንፊት ሸፍኚው። መኪናዋ አጠገብ እህል፣ የዶሮ መኖ፣ የተጣለ በቆሎ አይኑር። መርዝ አታድርጊ፤ የሞተው ውስጧ ይቀራል፣ የሰፈሩም ድመት ይበላውና ይሞታል። አይጥ የምትይዝ ድመት ካለች ወተት ስጫትና ታሳድርልሽ።

10. በየሳምንቱ «ትሙቅ» ብለሽ አታስነሻት።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚከራከረኝ በዚህ ነው። እሑድ ጠዋት ቁልፍ አስገብቶ አምስት ደቂቃ ግቢ ውስጥ አስነሥቶ ማጥፋት ብዙ ሰው ደግ የሠራ ይመስለዋል። አባትሽንም ያስተውኩት በስንት ክርክር ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። መኪናው በደንብ ከጋለ እንፋሎቱ ጨርሶ ይሄዳል። በአምስት ደቂቃ ግን ማርሚታው ለብ ይላል እንጂ አይግልም፤ ውሃው እዚያው ቀርቶ ከውስጥ ይበላዋል። ዘይቱም እንደዚያው። እንዲህ የሚደረግባትን ቮልስ የዘይት ክዳን ክፈቺ፤ ከክዳኑ ሥር ቅቤ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ታያለሽ። ያ ውሃና ዘይት ተደባልቆ ነው፤ ሞተሩን ሊያለሰልስ አይችልም። በዚያ ላይ ለማስነሣት ከባትሪው የወሰድሽውን ዳይናሞው በዝግታ እየዞረ አምስት ደቂቃ ውስጥ አይመልስልሽም።

ወይ በየሁለት ሳምንቱ ብራ ቀን ጠብቀሽ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ ማርሽ አራት እያስገባሽ፣ እስክትግል ንጂያት። ወይ ደግሞ ጨርሰሽ ተያት፤ ትተኛ። ለዘበኛውም ንገሪው፤ ቁልፉን አትስጪው። ልቡ ቅን ስለሆነ ይረዳሽ መስሎት ያስነሣታል።

11. ወረቀቷ።

ቦሎዋና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሷ ቆማ እያለች ቀኑ እንዳያልፍ ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጊ። ቆማለች ብለሽ የእሳትና የስርቆት ኢንሹራንሷን አታቋርጪ፤ የቆመም ይቃጠላል።

12. መስከረም ላይ አትቸኩዪ።

ቡሄ ሲጮህ ሰው ሁሉ ክረምቱ አለቀ ይላል። አላለቀም። ነሐሴ ገና ያወርደዋል፣ ጳጉሜንም የራሷ አላት፣ መስከረም ጠብቶም ማታ ማታ ይመጣል። አባትሽ ግን ለእንቁጣጣሽ ማግስት ካላወጣኋት ይል ነበር፤ ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ስለነበር፣ ያን ቀን በየዓመቱ መኪናውን ይዞ ሳይወጣ አይውልም። ስሜቱ ይገባኛል፤ ሆኖም ሁለት ዓመት ዝናብ ውስጥ አውጥቶ መልሶ አሻግቷታል። አንቺ መስከረም 25 ይለፍ፤ ጽጌ ሲገባ ብርሃኑም ንፋሱም ይለወጣል።

ስታቆሚያት አንድ ወረቀት ጽፈሽ መሪዋ ላይ እሠሪ፦ «ማርሚታዋ ተወትፏል፣ ማራገቢያዋ ተሸፍኗል፣ የእጅ ፍሬን አልተያዘም፣ ማርሽ ውስጥ ናት።» ሦስት ወር ረጅም ነው፣ ይረሳል።

የምታወጫት ቀን መጀመሪያ ተንበርክከሽ ከሥሯ እዪ፤ መሬቱ ላይ የዘይት ወይም የፍሬን ዘይት ጠብታ ካለ አታስነሻት። የማርሚታውን ሽቦ አውጪ፣ ወንፊቱን አንሺ፣ በባትሪ መብራት የማራገቢያውን ውስጥ ተመልከቺ። ጎማዎቹን ወደ ልካቸው መልሺ። የፍሬኑን ፔዳል ረግጠሽ እዪው፤ ጠጠር ካላለ መንገድ አትውጪ። ባትሪውን አገናኚ፣ ማርሹን ባዶ አድርጊ። ከኮይሉ የሚወጣውን የመሃለኛውን ገመድ ንቀዪና፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ለአጭር ለአጭር ጊዜ ቁልፉን እያዞርሽ ሞተሩን ብቻ አዙሪው፤ ዘይቱ ወደ ላይ ይውጣ። ከዚያ ገመዱን መልሰሽ አስነሻት። መጀመሪያ ትንሽ ጢስ ብታወጣ አትደንግጪ።

የመጀመሪያው መቶ ሜትር ቀስ ብለሽ ሂጂ፤ ፍሬኑን ደጋግመሽ ሞክሪው፤ የዛገው ታምቡር እስኪጠራ ትንሽ ይጮኻል። ከዚያ ወዴትም ሳትሄጂ ወደኔ ነይ። እኔ በር ላይ ወንበር አውጥቼ እጠብቅሻለሁ፤ ከማዞሪያው ሳትታጠፊ በድምፅዋ አውቃታለሁ።

አጎትሽ